የሠርጌ ካሴትና የጓሮዋ ቤት

ካሴቱን ከቪዲዮ ዴኩ ሳወጣው ነው ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በፕላስተር መሸፈኗን ያየሁት።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ሠርጋችንን የቀረጸው ሰውዬ ካሴቱን ሲያስረክበን፣ እዚያው ፊታችን ከጀርባው ላይ አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ ሰበረ። «ከእንግዲህ ማንም በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳበትም» አለን። ቀዳዳዋ ክፍት እስከሆነች ድረስ ዴኩ ካሴቱን ያሳያል እንጂ አይቀዳበትም። የሸፈናት ሰው ግን ያንን ጥበቃ አነሳ ማለት ነው። የሸፈንኳት ደግሞ ራሴ ነኝ። ልጄ ሊዲያ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመረቅ፣ ጎረቤት ያስቀረጸውን ትንሽ ነገር ባዶ በቀረው መጨረሻው ላይ ለማስገልበጥ ብዬ ነበር። በኋላ አነሳዋለሁ አልኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

አሁን ቀዩ መብራት መብራቱን አይቼ፣ ደንግጬ ዴኩን ሳቆመው ቁጥሩ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይል ነበር። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሙሉ በሠርጌ ላይ ባዶ ነገር ስቀዳ ነበር ማለት ነው።

ካሴቱ ለትዝታ ብቻ የተፈለገ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

የባለቤቴ የጂራታ እናት እማማ ዳሲቱ የሚኖሩት ግቢያችን ውስጥ ባለችው የጓሮ ቤት ነው። አባቱ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት ከነበረው ማሳ ጫፍ ላይ በጭቃ የሠሯት አንድ ክፍል ናት፤ ጂራታም የተወለደው እዚያ ነው። ማሳው ከሄደ ቆየ፤ ዙሪያው መጋዘንና ፎቅ ሆኗል። ቤቷ ግን አለች። በዚህ ሳምንት የይዞታ ልኬት ሰፈራችን ደረሰና ረቡዕ ዕለት የለካችን ልጅ፣ ሳምራ ትባላለች፣ ታብሌቷን አዙራ ከአየር የተነሳውን የድሮ ካርታ አሳየችን።

«ዋናው ቤት ይኸው። የጓሮዋ ግን አትታይም።»

«እንዴት አትታይም? ይቺው!» አለ ጂራታ ግድግዳዋን በመዳፉ እየመታ።

«አሁንማ አለች፣ አባቴ። እኔ የምለው በድሮው ካርታ ላይ ነው። ዛፍ ጋርዷት ሊሆን ይችላል፤ በኋላ የተሠራችም ልትሆን ትችላለች። ከዚህ ሆኜ የማውቅበት መንገድ የለኝም።»

«ሰው ይመስክር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«የሰው ምስክርማ ሁሉም ያመጣል። ቀኑ የታወቀ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ካላችሁ ግን ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ መዝገቡ ሳይዘጋ በፍላሽ አምጡልኝ።» ትሑት ልጅ ናት፤ ሳትቆጣ ነው የነገረችን። ካልተገኘ የጓሮዋ ቤት በኋላ እንደተጨመረች ይመዘገባል፤ ከጀርባችን የሚወጣው መንገድ ሲመጣ ደግሞ የሚያልፈው በእሷ ላይ ነው።

እማማ ዳሲቱ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የማፍረሻው ደብዳቤ ገና ሳይጻፍ፣ እሳቸው ፍርስራሹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይታዩኝ ጀመር። እንዲህ ነኝ፤ ከክፉው ነው የምጀምረው።

ፎቶዎቻችን ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ዋናው ቤት በር ላይ የተነሱ ናቸው። ከካርታው በፊት የተቀረጸውን የሠርጋችንን ካሴት ያስታወሰችው ሊዲያ ናት። የሠርግ ቪዲዮ ከሙሽራው አለባበስ ይጀምራል፤ ጂራታ ደግሞ የለበሰው በጓሮዋ ቤት ነው። ሚዜዎቹ በዝቅተኛዋ በር ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ሲወጡ ከምስሉ ሥር ቀኑ በነጭ ቁጥር ይታያል። ቀራጩ ቀኑን ያሳየው መጀመሪያዋ ላይ ብቻ ነው፤ በኋላ አጥፍቶታል። መጀመሪያዋ ግን በቃን ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ሊዲያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ካሴቱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቃሊቲ ባቡሩ የሚያቆምበት አካባቢ ወዳለው የሮቤራ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ከዚያ በፊት አንድ ፎቶ ቤት ጠይቀን ነበር። «ተዉልኝና ሰኞ ኑ» አለን። ካሴቱን ለማንም አልተውም። ሰኞ ቢመጣም ዓርብ አልፏል።

ሮቤራ ሠላሳ አምስት የሚሆነው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ፎጣውን ስፈታ እያየ፣

«ማዘር፣ ሕፃን ነው ወይስ ካሴት?» አለኝ።

«ከሕፃን አይተናነስም።»

«ዴካችሁ በሕይወት አለ?»

«አለ። ግን ከበራ ስድስት ዓመት ይሆነዋል» አልኩ።

«ከእኔ ይሻላል። እኔን ከስድስት ዓመት በኋላ ቢቀሰቅሱኝ አልነሳም።» ካሴቱን ተቀብሎ በመስኮቱ በኩል ጥቁሩን ጥቅል ለብርሃን ገልጦ አየው። «ትንሽ ሻግቷል። ብዙ አይደለም።»

ሻግቷል የሚለውን ቃል እንደሰማሁ ካሴቱን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። «ይጠፋል ማለት ነው?»

«አልወጣኝም። ቀስ ብሎ ይታያል ነው ያልኩት። ይቀመጡ ማዘር።»

ሁለት ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛዋ ፍላሽ የምታክል ነገር ናት፤ ከጫፏ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ወጥቷል። ገመዶቹ ዴኩ ኋላ ይሰካሉ፤ እሷ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች። ሁለተኛዋ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ጥቁር ሣጥን ናት፤ መስኮት የመሰለች ትንሽ ስክሪን አላት። ከዴኩ የሚመጣውን ራሷ ፍላሽ ላይ ታስቀምጣለች፤ ፍላሹ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ዋጋዋ የመጀመሪያዋን ሦስት እጥፍ ነው።

«ትንሿ ትበቃናለች» አለች ሊዲያ። «ላፕቶፔን ይዣለሁ።»

«ላፕቶፑ የራስሽ ነው?» አላት ሮቤራ።

«የመሥሪያ ቤት ነው።»

«ፕሮግራም መጫን ይፈቅድልሻል?»

ሊዲያ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ሮቤራ ትንሿን ሰካ። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሳጥን ብቅ አለ። የሷን አስገባች፤ እምቢ አለ። ቃሉን የሚያውቀው የቢሮው የኮምፒውተር ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም። አራት ጊዜ ደወለች።

«ይኸው!» አልኩ። «ቤት ወስደነው ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ይሄን ስናይ እናድር ነበር።»

«እማዬ፣ ገና ሱቅ ነው ያለነው እኮ።»

«ዴኩስ?» አለ ሮቤራ። «ኋላው ላይ ቢጫ ቀዳዳ አለው? አንዳንዱ ያንቴና ብቻ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ሁለቱም አይሠሩላችሁም።»

ያን አላሰብነውም። ጂራታ ጋር ደወልኩ። ቴሌቪዥኑን ሲገፋ፣ የሆነ ነገር ሲወድቅ፣ ሲያስነጥስ ይሰማኛል።

«አንድ ቢጫ አለ» አለ። «አንድ ነጭ አለ። ቀይ የለም።»

«ቀይ የለም ይላል!» አልኩ ወደ ሮቤራ ዞሬ። የጮህኩ ይመስለኛል፤ ውጭ ያለች ሞባይል ካርድ ሻጭ ቀና አለች።

«ቀይ ባይኖርም ሠርጉ አይፈርስም ማዘር። ድምፁ ባንድ ጎን ይመጣል፤ ምስሉ አይጎድልም።»

«ዕቃህ ካሴቱን ቢበላውስ?»

«እሷ ካሴት አትነካም። የሚልክላትን ትቀበላለች እንጂ መልሳ አንዳች አትልክም። ካሴት የሚበላው ዴክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑት፣ ከዚያ መልሱት፤ ይፍታታል። መብራት ደግሞ እየቀዳች ሳለ ቢጠፋ ያልተዘጋው ፋይል ይበላሻል። አምስት አምስት ደቂቃ እየቆረጣችሁ ቅዱ።»

መብራትን ሲጠራ ወደ ጣሪያው አየሁ። ሰፈራችን በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ጠፍቶብናል።

ሣጥኗን መረጥኩ። ሊዲያ በዋጋው ቅር ብሏታል፤ እኔ ግን የመረጥኩበት ምክንያት ነበረኝ። ከፊቷ አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት ያለቻት። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ነገር ላይ ምን ስሕተት ሊሠራ ይችላል ብዬ ነው።

ከሱቁ ስንወጣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ከባድ መኪኖቹ መንገዱን ዘግተውት ታክሲው ከቃሊቲ አቃቂ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ፎጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የፊቱ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር በሁለት እጄ እሸፍነዋለሁ።

ቤት ስንደርስ ጂራታ ዴኩን በጨርቅ ወልውሎ ጠብቆናል። አበራው፤ ሠራ። ሊዲያ ገመዶቹን ሰካች፤ ካሴቱን አጠነጠነች፤ መለሰችው። ያን ጊዜ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ።

«አባዬ፣ የሶኬቱ ማከፋፈያ ላልቷል መሰለኝ። ከነእማማ ቤት ያለውን እናምጣ። እማዬ፣ እስክመጣ ምንም እንዳትነኪ።»

ወጡ። አምፖሉ እንደገና ደበዘዘ። መጥፋቱ ነው አልኩ በልቤ። አሁን ከጠፋ እስከ ነገ አይመጣም፤ መጀመሪያዋን እንኳ ብናገኝ፣ ያቺን ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ብናገኝ። የሣጥኗን ቁልፍ ተጫንኩ። ልክ ነበርኩ። ከዚያ ወደ ዴኩ ዞርኩ። በልጅነቴ የመዝሙር ካሴት ከቴፕ ወደ ቴፕ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔ ጋ ያመጣሉ። መቅዳት ከተባለ ጣቶቼ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ቀዩንና አጫዋቹን ባንድ ጊዜ መጫን። ሁለቱን ተጫንኩ። ጣቶቼ ናቸው እንጂ እኔ አላሰብኩም። ስክሪኗ ሰማያዊ ሆነ። እስኪመጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ጠበቅኩ።

ሊዲያና ጂራታ ሲገቡ ካሴቱን መልሼ አስገብቼው እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ፕላስተሩን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ልናገር ነበር። አፌን ስከፍት ሊዲያ ዴኩን ከመጀመሪያው አስነሳችው።

ሰማያዊ። ከዚያ ብዙ ዝናብ የመሰለ ነገር። ከዚያ ድንገት መንገድ፤ በአበባ ያጌጠ ነጭ መኪና ከኋላው እየተቀረጸ ይሄዳል። ጂራታ ከቤት ወጥቶ አልቋል።

«የታለ?» አለ ጂራታ። «እኔ የታለሁ? በሩ የታለ?»

ሊዲያ መለሰችው። እንደገና አየነው። ሦስተኛ ጊዜም አየነው።

«ሣጥኗ ናት» አለች ሊዲያ ፊቷ ተለዋውጦ። «ስንሰካት አጠፋችው። ያ ሰውዬ!» ስልኳን አነሳች። ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አደረገችው።

«ሮቤራ፣ ዕቃህ ካሴታችንን አጠፋው!»

«እንዴት አድርጎ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! መጀመሪያው የለም። ለነገ የምንፈልገው እሱን ነበር!»

«ስሚኝ እህቴ። ነግሬያችኋለሁ፤ ተቀባይ ናት። ካሴት ላይ አንዲት ነጥብ መጻፍ አትችልም። ዴኩን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካም! እማዬ ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ እንኳን ልትነካ ስትተነፍስም ትፈራለች።»

«እንግዲያው ነገ አምጡትና ፊታችሁ እፈትሸዋለሁ። ጥፋቱ የዕቃዬ ከሆነ መልሼ እከፍላችኋለሁ፤ ካልሆነ ግን ስሜን አታጥፉት። እኔ በዚህ ሱቅ ስድስት ሰው አስተዳድራለሁ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ስላነሰ አልሰሙኝም። ሊዲያ ገና እየጮኸች ነው።

«እኔ ነኝ! ሊዲያ፣ ስልኩን ዝጊው። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂና ዝጊው። ቀዩን የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

ሊዲያ ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ቦርሳዬን ከፍቼ ፕላስተሩን አወጣሁ፤ ስለ ቀዳዳዋም ነገርኳቸው፤ ማን እንደሸፈናት ጭምር።

«አንድ ነገር እንዳትነኪ አልኩሽ» አለች ሊዲያ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ዘመንሽን ሙሉ ሰው ይሳሳታል ብለሽ ስትጠብቂ፣ ስትጠብቂ...»

«ሊዲያ!» አለ ጂራታ።

«ተዋት፣ እውነቷን ነው» አልኩ።

ማከፋፈያው ለምን እንደተወሰደባቸው ሊጠይቁ ነው መሰለኝ፣ እማማ ዳሲቱ በከዘራቸው በሩን ገፍተው ገቡ። ሰው ሁሉ ወለል ወለል ሲያይ አገኙ። «ማን ሞተ?» አሉ።

ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። «እማማ፣ ቤትዎን አጠፋሁብዎት። ጂራታ ለብሶ የወጣባት ቦታ፣ የእርስዎ በር የሚታይበት፣ ከካሴቱ ላይ ጠፋች። በእኔ እጅ ነው የጠፋችው። ነገ የምናሳየው የለንም።»

እማማ ዳሲቱ ሲያስቡ መሐረባቸውን ከግንባራቸው ወደ ላይ ገፋ ያደርጋሉ። ገፋ አደረጉት።

«አንቺ» አሉኝ፣ «የአማቴን ጉልበት ሳትስሚ ነው እንዴ እዚህ ግቢ የገባሽው?»

«ምን አሉኝ?»

«ያን ጊዜ አማቴ፣ የጂራታ አያት፣ ከአልጋ አይነሱም ነበር። ሙሽራ መጥታ ጉልበታቸውን ሳትስም ዳስ ውስጥ ትቀመጥ? ማን ፈቅዶልሽ! እኔ ራሴ አይደል እጅሽን ይዤ ወደ ጓሮ ያስገባሁሽ። ያ የካሜራው መብራት ተሸካሚም ተከትሎ፣ ገመዱ አጠረኝ ብሎ በር ላይ ቆመ። ‹ግባ› ስለው ‹አይደርስም› ይለኛል። ዓይኔን አጥፍቶት ነበር።»

ጂራታ እጁን አፉ ላይ አደረገ። እኔ ፊቴ ጋለ። አስታወስኩት፤ ረስቼው አልነበረም፣ ገፍቼው ነው እንጂ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ስል ቬሌ ምስማር ይዞት ከራሴ ላይ ተነቀለ፤ ፀጉሬም አብሮ ፈረሰ። ሚዜዎቹ ሳቁብኝ። ካሴቱን በተመለከትን ቁጥር እዚያ ሲደርስ ተነስቼ የማጠነጥነው እኔ ነበርኩ። በኋላማ ቤቱ ሁሉ ለመደው።

«ቀኑ ግን ከሥሩ አይታይም» አልኩ። «ሰውየው አጥፍቶታል። ሌላ ጊዜ ነው ቢሉንስ?»

ሊዲያ ተነሳች። «ቬሎ የለበስሽው ስንቴ ነው እማዬ? የጋብቻ ወረቀታችሁ ላይ ቀኑ አለ። አንቺ በቬሎ፣ ቤቷ ከፊትሽ፣ ባንድ ምስል ከታያችሁ ያ ቀን የቤቷም ቀን ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ከዴኩ ራቂ» አለችኝ።

ራቅሁ። ግድግዳው ድረስ ራቅሁ።

ከካሴቱ አጋማሽ ጀምራ ፈለገችው። ዳስ፤ ጭፈራ፤ ያለፉ ሰዎች፤ የጂራታ አባት። ጂራታ «ቆይ» አለ፤ ሊዲያ አልቆየችም። አምፖሉ ደበዘዘ። የሣጥኗን ቁልፍ ተጫነችና ቁጥር መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ዴኩ ጮኸ፤ ያልተቀባ ማጠፊያ የሚመስል ረጅም ሲጥታ። ምስሉ ከላይ ወደታች ተጠመዘዘ፤ ሰው ሁሉ ቀጭን መስመር ሆነ።

«በላው» አልኩ። «በላው፣ አውጪው፣ ሊዲያ አውጪው!»

«እማዬ፣ ዝም!»

መዳፌን አፌ ላይ ጫንኩ። እማማ ዳሲቱ በከዘራቸው ወለሉን እየቆረቆሩ ነበር። ምስሉ እንደተጠመዘዘ ቆየ፤ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሲጥታው ቆመና ሁሉ ነገር ቦታው ተመለሰ፤ አንዲት ነጭ የለበሰች ቀጭን ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ በጨለማ ግቢ ውስጥ ትሄዳለች። መብራቱ ከኋላዋ ደረሰ። የጭቃው ግድግዳ፤ የቆርቆሮው ክዳን፤ በስተቀኝ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ ያለው የሾላ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ ተኝቶ። እማማ ዳሲቱ፣ ሃምሳን ገና ያለፉ፣ ልጅቷን በክንዷ ይዘዋታል። ልጅቷ ጎንበስ አለች። ቬሉ በሩ ላይ ቀረ።

ማንም አልሳቀም።

«ዛፉ!» አለ ጂራታ። «ሳምራ ያለችው ዛፍ። ይኸው ጣሪያው ላይ ተኝቶ!»

ሊዲያ በሩ እስኪያልፍ ጠብቃ ቁልፏን ተጫነች። ሣጥኗ ማስቀመጧን የሚገልጽ ነገር ጻፈች። ፍላሹን ነቅላ ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ከፈተችው። ልጅቷ እንደገና ሄደች፣ እንደገና ጎንበስ አለች። ሊዲያ ወደ ስልኳም ገለበጠችው፤ ወደ ሌላ ፍላሽም ገለበጠችው። አምፖሉ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። በላፕቶፑ ብርሃን ፊቷን አየሁት።

«ዘግቼዋለሁ» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ፋይሉ ተዘግቷል። ደህና ነው።»

መጀመሪያ ሮቤራ ጋር ደወልኩ። ሊዲያ እንድትደውል አልፈለግሁም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕቃህ ንጹሕ ነው» አልኩት። «ማዘር፣ በሚቀጥለው ቀይ ቁልፍ የሌለው ዴክ እፈልግልዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ ሊዲያ ከቪዲዮው አንድ ምስል አውጥታ ከጋብቻ ወረቀታችን ፎቶ ጋር ለሳምራ በቴሌግራም ላከችላት። እንዳየችው የሚያሳየው ምልክት ወጣ። መልስ የለም። ሻማ አበራን። እራት ቀረበ፤ እኔ አልበላሁም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ሊዲያ አነበበችው። «ዛፉንም ቤቷንም አየሁ። ፍላሹንና የጋብቻ ወረቀቱን ዋናውን ነገ በጠዋት ይዛችሁ ኑ። እንደነበረች አድርጌ አስገባታለሁ።»

«አስገባታለሁ ማለት በቃ ተመዘገበች ማለት ነው ወይስ...»

«እማዬ።»

«እሺ።»

ዴኩ አጠገብ እንዳላልፍ ዞር ብዬ ወጣሁና እማማ ዳሲቱን ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ግቢው ጨለማ ነው፤ በስልኬ እያበራሁላቸው፣ ክንዴን ይዘው፣ አንዳንዴ እኔ እሳቸውን፣ አንዳንዴ እሳቸው እኔን እየደገፍን ሄድን። በሩ ጋ ሲደርሱ እኔ ከልማድ ጎንበስ አልኩ።

«ልጅቷን አትቀየሚያት» አሉኝ።

«እሷ እንዳትቀየመኝ ነው የምፈራው።»

«አንቺ የማትፈሪው አለ?» ሳቅ አሉና ገቡ። «ሂጂ ግቢ፣ ብርዱ አይምታሽ።»

ሂጂ ቢሉኝም አልሄድኩም። ከውስጥ እግራቸውን እየጎተቱ ሲመለሱ፣ ቁልፉን በጨለማ ሲፈልጉ፣ ሲያገኙት ሰማሁ። በሩን ገፋ አድርገው ገጠሙት፤ ቁልፉ አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ።